ለሞረዱ የመለስኩት ብርጭቆ

ጃንዋሪ 9፣ ሐሙስ

ጉንፋኑ ለቀቀኝ። የገናን ሰሞን አልጋ ላይ ጥሎኝ ከርሞ ዛሬ በእግሬ ቆምኩ። ሙሪየል «እስቲ አንድ ሳምንት ጨምረህ ተኛ» አለችኝ። ሚስቴ እኔ ስተኛ ደስ ይላታል፤ ቤቱ ጸጥ ይላላ። ግን የጥሩ ቢራ ቤቶችን ስም በየዓመቱ የምናወጣበት የመጽሐፉ ሰሞን ደርሷል፤ እኔ ካልተነሣሁ ማን ይነሣል? ኒጄል? ኒጄል የቢራ ወዳጆች ማኅበራችን ጸሐፊ ነው። ጢሙን እንደ ነቢይ አስረዝሞ፣ ግማሽ ብርጭቆ ሲጠጣ አምሽቶ፣ ቢራ አዋቂ ነኝ የሚል ሰው። የሼፊልድን ጥሩ መጠጥ ቤቶች የሚመርጠው እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ መጽሐፋችን ውስጥ የሻይ ቤት ስም እናነብ ነበር።

ለእራት ዓሣ ሠራችልኝ። ካርቶን ነው። ዓሣ ሻጭ ቀይረሻል እንዴ ብላት አልቀየርኩም አለች። ከሁለቱ አንዱ እየዋሸ ነው፤ ወይ እሷ፣ ወይ ዓሣ ሻጩ።

ጃንዋሪ 15፣ ረቡዕ

«ሁለቱ መዶሻዎች» መጠጥ ቤት ሄድኩ። ውሃ። ብቅሉም ጌሾውም በስም ብቻ ነው ያሉት። ባለቤቱ «እንዴት ነው ክላይቭ?» ሲለኝ «እርጥብ ነው» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቤቱ ፈተናውን ወደቀ።

ሠላሳ ዓመት የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበርኩ። ሰው መጣል ቀላል ይመስላል። ያለቅሳሉ፣ ይለምናሉ፣ ልጄ ታሞብኝ ሐሳቤ ተበትኖ ነው ይላሉ፤ አንተ ግን ዓይንህን ሳታሽ «አላለፍክም» ትላለህ። ቢራም እንደዚያው ነው። እኔ የጣልኩትን ቤት ማኅበሩ አንሥቶ አያውቅም። ስብሰባ ላይ ቆሜ አነባለሁ፣ እጃቸውን ያወጣሉ፣ አለቀ። ኒጄል ይሄን «የክላይቭ ምላስ» ይለዋል። ሊያሾፍብኝ ነው፤ ግን እውነቱን ነው።

ጃንዋሪ 25፣ ቅዳሜ

ቸኩያለሁ። «ቁጥር ዘጠኝ»። የድሮ ብረት ማቅለጫ ውስጥ የተከፈተ መጠጥ ቤት። ወንበር የለም፤ ሣጥን ላይ ነው የሚያስቀምጡህ። አሳላፊው ክንዱን እስከ ብብቱ ተነቅሷል። ማንጎ የገባበት ቢራ ቀዳልኝና «ማንጎው ተሰማህ?» አለኝ። አልተሰማኝም። ተመስገን ነው። ወደቀ።

ፌብሩዋሪ 4፣ ማክሰኞ

ሞረዱ። ይሄን በወጉ ልጻፈው።

ሞረዱ የትሬቨር መጠጥ ቤት ነበር። ትሬቨር ጓደኛዬ ነው፤ ነበር ልበል፣ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። በርሜል እንደ ሕፃን የሚያስተኛ ሰው ነበር። ሳይረጋ አይከፍትም፤ አተላው ሳይወርድ አይቀዳም። «ዛሬ አልደረሰም» ብሎ የተጠማ ሰው በር ላይ ይመልስ ነበር። አሁን ቤቱን የያዘችው ሚስቱ ቢቨርሊ ናት። ቢቨርሊ ደግ ሴት ናት። ደግነት ግን ቢራ አያጠራም።

ስገባ ዊልፍ በሩ አጠገብ እንደ ወትሮው ተጎልቷል። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ በዚያች ወንበር ላይ ቢሞት ለመቅበር ወንበሯን አብረው መውሰድ ሳይኖርባቸው አይቀርም።

«ክላይቭ! ተነሣህ እንዴ? እኔ እኮ ለቀብርህ ብዬ ጥቁር ክራቫት ተውሼ ነበር» አለኝ።

«መልሰዋ።»

«አይ፣ ትንሽ ይቆይ። መልክህ ገና አላማረኝም።»

ቢቨርሊ ቀዳችልኝ። መልኩ የጠራ ነው፣ አረፋው ደህና ነው። አፌ ውስጥ ሲገባ ግን ምንም። መለስኩት። ደንቡን ሁሉም ያውቃል፤ ብርጭቆ ከተመለሰ ባለቤቷ አትከራከርም፣ ሌላ ትቀዳለች። ሌላ ቀዳች። እሱንም መለስኩት። ከሌላ በርሜል ሦስተኛ አመጣች። ሦስተኛውን ስመልስ ደንቡን ጥሳ ራሷ ቀመሰችው።

«የኔ ቆንጆ፣ ይሄ ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ሞቷል።»

«ዛሬ ጠዋት የከፈትኩት ነው እኮ!»

«እንግዲያው ሞቶ ነው የተወለደው።»

ዊልፍ እጁን ዘረጋ። «ሬሳዎቹን ወዲህ በሏቸው፣ እኔ እቀብራቸዋለሁ» ብሎ ሦስቱንም ተራ በተራ ጠጣቸው። ዊልፍ የአበባ ማስቀመጫ ውሃም ቢያገኝ ይጠጣል፣ የእሱ ምስክርነት አይቆጠርም።

ቢቨርሊ አልሳቀችም። ብርጭቆ እየወለወለች ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሊድስና ከማንቸስተር በባቡር የሚመጡት መጽሐፉን ይዘው ነው። የሰፈሩ ሰው ብቻውን ቤቱን አያኖረውም። የሕንፃው ባለቤት ደግሞ አፓርታማ ሊያደርገው አሰፍስፎ ይጠብቃል። «ከመጽሐፉ ካወጣችሁኝ እስከ በጋ አልደርስም፣ ክላይቭ» አለች።

ይሄ እንግዲህ «ልጄ ታሞብኝ ነው» ማለት ነው። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ወደቀ ብዬ ጻፍኩ።

አውቶቡስ ትቼ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። ምን ላድርግ? ጣዕም አልነበረውም። ትንሽ እንኳ መረር አላለም።

ፌብሩዋሪ 15፣ ቅዳሜ

ከማኅበሩ ጋር በባቡር ወደ ደርቢ። ሌላ ከተማ ሄዶ መጠጣት ዓይን ይከፍታል ይላል ኒጄል። አራት ቤት ዞርን። አራቱም ቤት ውስጥ እነ ኒጄል ብርጭቆ ወደ መብራት እያነሡ «አሃ!» ይላሉ። ጠጪ ሳይሆን ካህን የሆኑ ይመስላቸዋል። እኔ አራት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥቼ ወጣሁ። ደርቢም እንዲህ ሆና ቀረች።

ስንመለስ ኮቴን ፊቴ ላይ ጥዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። የተኛሁ መስሏቸው ያወራሉ።

«ጭስ ጭስ የሚለውን ጥቁር ቢራ ምንም አይልም አለኝ እኮ» አለ ኒጄል።

«ያንን? እኔ እኮ ገና ከበሩ ሸተተኝ፤ ቤት የተቃጠለ መስሎኝ ነበር!» አለች አንዷ።

«ሰውዬው ጥሩ ነገር ከተናገረ የሚያመው ይመስለኛል።»

«ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ ክፉ ነበር፤ ግን ልክ ነበር።»

አልተነሣሁባቸውም። ጭስ! ቢራ ውስጥ ጭስ ምን ይሠራል? በርበሬም ይጨምሩበት።

ፌብሩዋሪ 26፣ ረቡዕ

የማይረባ ጠብ። ጠዋት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስለ መጠጥ ቤቶቹ ሪፖርቴን አጥርቼ እየጻፍኩ ሳለሁ ሙሪየል ከላይ እየጮኸች ወረደች። ዳቦ መጥበሻው ከኋላዬ አንድ እርምጃ ላይ ነበር። ዳቦው ከሰል ሆኗል፣ ክፍሉ ጠቁሯል ትላለች። ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር፤ ሰው ሲጽፍ ጀርባው ላይ ዓይን የለውም።

«አይሸትህም? አጠገብህ እኮ ነው!»

«ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር።»

መስኮቱን እየከፈተች «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ፦ «ክላይቭ፣ ሐኪም ጋ ሂድ።»

«ለተቃጠለ ዳቦ?»

«ለአፍንጫህ።»

«አፍንጫዬ ፊቴ ላይ ነው» ብዬ ወጣሁ። መልሱ ራሴንም አላስደሰተኝም።

ማርች 3፣ ሰኞ

ሪፖርቴን ላክሁ። በእኔ በኩል ካለው የከተማው ክፍል አንድም ቤት አላለፈም። ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ኒጄል ደወለ።

«አንድም?»

«አንድም።»

«ሌላው ይቅር፣ ሞረዱን እንዴት ነው የምትጥለው? ስድስት ሰው በየግሉ ሄዶ ቀምሶታል፤ ስድስቱም በከተማው ውስጥ አንደኛ ነው ብለዋል። ተቃራኒው አንተ ብቻ ነህ።»

«ስድስቱ ምላስ የላቸውም።»

ጢሙን ሲያክ በስልኩ ሰማሁት። «ሪፖርትህ በስብሰባው ይነበባል። ቃልህን የሚሽር ሰው የለም፣ ይሄን ታውቃለህ። ስለዚህ እባክህ አንድ ጊዜ ተመልሰህ ቅመሰው። የሴትየዋ እንጀራ ነው።»

ኒጄል እባክህ ሲል ያስጠላኛል። እንቢ አልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው ነገሩ? አይደለም። መርሕ ነው።

ማርች 8፣ ቅዳሜ

ቢቨርሊ ገበያ ውስጥ ያዘችኝ። የድንች ከረጢት ተሸክማለች፤ ተቀበልኳት፣ መልሳ ነጠቀችኝ።

«ኒጄል ነግሮኛል» አለች።

«ኒጄል አፉ አያርፍም።»

«የትኛው ነው ጥፋቴ? ንገረኝና ላስተካክል። ምድር ቤቱ ነው? ፓምፖቹ ናቸው? ትሬቨር እንዳሳየኝ ነው የማጥባቸው። ጠማቂውም ትሬቨር ያዝዝበት የነበረው ነው። አተላው እስኪወርድ እጠብቃለሁ። ምኑን ነው የምትጠላው?»

አንድን ነገር የጣልክበትን ምክንያት መናገር የፈታኝ ግዴታ ነው፤ መስተዋት አላየህም፣ ፍሬን ለመያዝ ዘግይተሃል ትላለህ። እኔ ምን ልበል? «ጣዕም የለውም» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «ቢራዬን አይደለም የምትፈልገው። ትሬቨርን ነው። ትሬቨርን ከየትኛው በርሜል ልቅዳልህ?»

ሰው እያየን ነበር። ሄደች። እኔም ልገዛ የመጣሁትን ረስቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ፤ ሙሪየል ሽንኩርቱስ ስትለኝ ተቆጣኋት። ባልቆጣት ጥሩ ነበር። ሽንኩርት ረሳህ ተብሎ ሰው አይጮህም።

ትሬቨርን እፈልገዋለሁ። ይሄማ ሐሰት አይደለም።

ማርች 16፣ እሑድ

ሙሪየል ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ወጥ ቤቱን ለብቻዬ አገኘሁት። ቁም ሣጥኑን ፈትሼ ጠርሙሶቹን እየከፈትኩ አሸተትኳቸው። ቡናው አሮጌ ነው። ቅርንፉዱ አሮጌ ነው። ሰናፍጩን በማንኪያ ወሰድኩ፤ ዓይኔ አለቀሰ፣ አፌ ግን ምንም አላለም። በዚህ ዘመን ሰናፍጭም ያጭበረብራሉ። የጫማ ቀለሙም አይሸትም። የጫማ ቀለም ፋብሪካ ምን ነካው?

ሙሪየል ገብታ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን አየች። አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ክዳኖቹን እየመለሰች በየቦታቸው አስቀመጠች።

እሷ መጠየቅ ካቆመች ነገሩ ከባድ ነው።

ማርች 20፣ ሐሙስ

ሐኪም ጋ አልሄድኩም። ዝናብ ነበር።

ማርች 27፣ ሐሙስ

ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ሳብላላ ሰነበትኩ። ስብሰባው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ዊልፍን ፖስታ ቤት በር ላይ አገኘሁት። ሲያሾፍብኝ ለመዘጋጀት ኮሌታዬን ሳብኩ፤ አላሾፈብኝም።

«ቤቷ ከተዘጋ የት ልቀመጥ?» አለኝ።

«ሌላ መጠጥ ቤት ሞልቷል።»

«ሰዉስ የት ይሞላል? ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ስሜን የሚጠራኝ እዚያ ብቻ ነው።»

ለዊልፍ ማዘን ሞኝነት ነው፤ ሰውዬው እንደ ስፖንጅ ነው። ግን ቃሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ዛሬም ድረስ ስድስት ሰው አንደኛ ያለውን እኔ ብቻ... ይቅር። ደክሞኛል።

ኤፕሪል 2፣ ረቡዕ

ስብሰባው ሞረዱ ውስጥ ነበር፣ በኋለኛው ክፍል። በየዓመቱ ያጨቃጨቀው ቤት ውስጥ ነው የምንሰበሰበው፤ የቤቱን ቢራ እየጠጣን በቤቱ ላይ እንፈርዳለን። ሪፖርት እየተነበበ ማንም አይነሣም፣ ማንም ብርጭቆ አይመልስም። ባለቤቷም ክፍሉ ውስጥ አትቆይም። ጨዋ ደንብ ነው።

ስሄድ ወስኜ ነበር። አሳልፋታለሁ። ቢራው ምንም ይሁን ምን፣ አሳልፋታለሁ። በሕይወቴ ሙሉ ማንንም በምሕረት አሳልፌ አላውቅም፤ ለትሬቨር ሚስት አንድ ጊዜ ቢሆን ምን አለበት አልኩ። በራሴ ቸርነት ልቤ ተነክቶ መንገድ ላይ እንባ እንባ ብሎኝ ነበር።

ቢቨርሊ ብርጭቆዎቹን በትሪ ይዛ ገባች። ብርጭቆዎቹ ይጋጫሉ። አደለችንና ማንንም ሳታይ ወጣች። ዊልፍ የማኅበሩ አባል ባይሆንም በሩ ላይ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፤ የሚያስወጣው ጠፋ።

ኒጄል ስሜን ጠራ። ተነሣሁ። ሪፖርቴን ከኪሴ አውጥቼ ለሁለት ቀደድኩት። ትንፋሻቸውን ሲይዙ ሰማሁ፤ ደስ አለኝ። ብርጭቆዬን አንሥቼ ወረድኩበት። ደገምኩ። እስከ ታች ጨረስኩት፣ አፌን ጠረግሁ።

«በዚህ ቤት ላይ ሞቷል ብዬ ፈርጄ ነበር» አልኩ። «ተሳስቻለሁ ለማለት አላፍርም። ይሄ ትሬቨር ይቀዳው የነበረው ቢራ ነው። ብቅሉ የዳቦ ቅርፊት ቅርፊት ይላል፣ ጌሾው መጨረሻ ላይ ቀስ ብሎ ይመጣል። ዘንድሮ እንዲህ ያለ ቢራ በዚች ከተማ አልቀመስኩም።»

ጭብጨባ ጠበቅሁ። ኒጄል ጠረጴዛውን ያያል። እኔም አየሁ። ሁሉም ብርጭቆ ሙሉ ነው። ከእያንዳንዱ አንድ ጉንጭ ጎድሏል እንጂ ማንም አልጠጣም። አንዷ መሐረብ አፏ ላይ ይዛለች። ስለ ደንቡ ብለው፣ ሪፖርቴን እስክጨርስ እየጠበቁኝ ነበር።

«ክላይቭ» አለ ኒጄል፣ ዝግ ብሎ። «ይሄ ኮምጣጤ ነው።»

«የምን ኮምጣጤ?»

«እውነቱን ነው» አለ ዊልፍ ከበሩ። የእሱንም ብርጭቆ አየሁት። ዊልፍ እንኳ አልጠጣውም።

ያኔ ቢቨርሊ እየሮጠች ገባች። «አትጠጡት! በእግዜር፣ አትጠጡት! ለጠማቂው ልመልሰው ለይቼ ያስቀመጥኩትን የተበላሸ በርሜል ነው የገጠምኩት! ደንግጬ፣ ዓይኔም አላየ፣ አሁን ስቀምሰው ነው ያወቅሁት፣ ሌላ ከፍቻለሁ...» ብላ ጀምራ ቆመች። እጄ ላይ ያለውን ባዶ ብርጭቆ አየችው። ከዚያ ፊቴን።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። እኔ ብሆን እስቅ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሄን ደብተር ሙሉ እስቅበት ነበር።

«ታዲያ ሁለቱ መዶሻዎችስ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «ቁጥር ዘጠኝስ? ደርቢስ?» ኒጄል «ሁሉንም እንደገና እንዞራለን» አለ። አላየኝም። እኔ ስጠላው የኖርኩት ሰው፣ ሊያዋርደኝ ሲችል፣ ፊቱን አዙሮ ወረቀት አገላበጠልኝ። ከዚያ በስድስቱ ሰዎች ቃል ሞረዱ ለድምፅ ቀረበ፤ እጅ ያላወጣ አልነበረም። የእኔም እጅ ወጥታለች። ማን እንዳወጣት አላውቅም።

ሲበታተኑ እኔ ከተቀመጥኩበት መነሣት አቃተኝ። ቢቨርሊ ከደህናው በርሜል ቀድታ ፊቴ አስቀመጠችውና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጠጣ።»

ጠጣሁ።

«እንዴት ነው?»

ጥሩ ነው የሚለው ቃል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ዓይኗን ስታሳርፍብኝ ተመለሰ።

«ቅዝቃዜው ልክ ነው» አልኳት። «ከዚያ በላይ አላውቅም፣ ቢቨርሊ። ከገና ወዲህ ምንም አላውቅም።»

ትሪዋን ወደ ራሷ ሳበች፣ መልሳ ገፋችው።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ በምንህ ነበር ስትፈርድብኝ የነበረው?»

አልተቆጣችም፤ ለማወቅ ነው የጠየቀችኝ። ብርጭቆውን ጨረስኩላት።